ቴፕ ይበቃናል

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ጂንካ ላይ ለቋንቋ መምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና እንድናገር ተጋብዤ ሄጄ ነበር። የሐሙሱ መርሐ ግብር በመብራት መጥፋት ምክንያት ሲሰረዝ፣ ሁለት ሠልጣኞች «ቀይ አፈርን ሳያዩማ አይመለሱም» ብለው ሚኒባስ ውስጥ ጨመሩኝ። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከተማዋ ስሟን አታሳፍርም፤ አፈሩ ጫማውንም፣ የሱሪውን ጫፍም፣ የቆርቆሮውን ግድግዳም ያቀላዋል። ገበያው ላይ በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩ፣ ኣሪው ይገናኛል። ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላ፣ ቅል፣ ፍየል ይዞ ይመጣል፤ ዶቃ፣ ጄሪካን፣ ከጎማ የተሠራ ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ ይዞ ይመለሳል። ፍቅረማርቆስ ደስታ በ«ከቡስካ በስተጀርባ» እና በ«ኢቫንጋዲ» ካስተዋወቀን ወዲህ፣ የእኛ ዘመን አንባቢ ወደዚህ አገር የሚመጣው ግማሹን አስቀድሞ አይቶት ነው። እኔም የማየውን አውቄ ነው የሄድኩት።

ያልጠበቅኩት አንድ ልጅ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አጭር ሽርጥ ታጥቋል፤ አንገቱን ዶቃ ከብቦታል፤ በአንድ እጁ በርኮታ ይዟል። ደረቱ ላይ ደግሞ ፍላሽ የሚወስድ ትንሽ ስፒከር ተንጠልጥሎ ዘፈን ይለቃል። አንዲት ፈረንጅ ካሜራዋን ደቅና ስታበቃ ፊቷ ጨፈገገ፤ ለአስጎብኚዋ አንድ ነገር ነገረችው። አስጎብኚው ለልጁ፣ «ሙዚቃውን አጥፋው እስቲ፣ ቪዲዮው ውስጥ እየገባባት ነው» አለው። ልጁ ለአፍታ አሰበና፣ «ማጥፋቱም ይከፈላል» አለ። በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትየዋ ከፈለች። አጠፋው። በርኮታው ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ ተቀረጸ። ገንዘቡን ቆጥሮ ሲያበቃ ሙዚቃውን መልሶ ከፈተው።

እኔ ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ነው የሳቅኩት፤ ጆሮዬ ዘፈኑ ላይ ነበር። የካሴት ዘመን ዘፈን ነው። ሳክስፎን የለ፣ ትራምፔት የለ፤ ከበሮውን ማሽን ይመታዋል፤ መለከቱንም፣ ክራሩንም፣ ዋሽንቱንም አንድ ኪቦርድ አስመስሎ ይጫወተዋል፤ ከሥር ዲስኮው ዱም ዱም ይላል። እኔ ወጣት ሳለሁ «በቃ፣ ሙዚቃችን ሞተ» ያልንበት ዓይነት ዘፈን። ጠጋ ብዬ፣ «ይሄ እኮ የድሮ ነው። ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«ጂንካ አስጫንኩት። ኦሪጅናል ነው ጋሼ። የአሁኑ ምን አለው?»

ከሁለቱ ቃላት የትኛው ይበልጥ እንደወጋኝ ለመለየት እስከ ጂንካ ድረስ ስጨነቅ ተመለስኩ፤ «ኦሪጅናል» ያለው ነው ወይስ «ጋሼ» ያለኝ?

እኔ «ጋሼ» የምለው ሰው አንድ ነበር፤ በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ። ቴነር ሳክስፎን ይነፋ ነበር። በ1970ዎቹ ውስጥ በአንድ ሆቴል፣ ስምንት ሰው ባለው ባንድ ይሠራ ነበር። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው፤ ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው ነግቶ ነው የሚወጣ። ጋሼም እየነፋ ያድራል። ጠዋት ከንፈሩ አብጦ ሲመጣ እናታችን ለብ ባለ ውሃ ታብስለት ነበር። ለእኔ እንግዲህ ሙዚቃ ማለት ያ ያበጠ ከንፈር ነበር። የዋልያስ ባንድን «ጨበለው» የሰማሁት ከእሱ ጋር ተቀምጬ ነው። ሮሊንግ ስቶንስንና ፒንክ ፍሎይድንም የሰማሁት የሆቴሉ እንግዶች ትተውለት ከሄዱት ካሴት ነው።

በ1981 ዓ.ም. ገደማ የሆቴሉ ባለቤት ኪቦርድ አስመጣ። ከስምንቱ ሙዚቀኞች ሦስት ቀሩ። መጀመሪያ የተሰናበቱት ነፊዎቹ ናቸው፤ ኪቦርዱ ሁሉንም «ይችላል» ተባለ። ጋሼ ስድስት ወር ያህል ቤት ዋለ። ከዚያ ሳክስፎኑን ሸጠ፣ ተበድሮ ጨመረበትና የራሱን ኪቦርድ ገዛ። ሠርግ፣ ልደት፣ የመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ የትም ይጠሩታል፤ ቁልፏን ጫን አድርጎ ዲስኮውን ይለቀዋል። እኔ ስድስት ኪሎ የተማርኩት በዚያ ገንዘብ ነው። ደብተሬም ጫማዬም ከዚያ ነው። ጥበብ ለገበያ ማደር እንደሌለበት የሚያስተምሩት መጻሕፍቴም የተገዙት ከዚያው ነው።

በ1985 ዓ.ም. ስመረቅ ቤት ውስጥ ድግስ ተደገሰ። የክፍል ጓደኞቼ መጥተዋል፤ ሁለት መምህሮቼም ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሼ ኪቦርዱን በታክሲ ጭኖ መጣ። ገና ገመዱን ሲዘረጋ ተነሥቼ፣ ሰው እየሰማ፣ «ተወው፣ ቴፕ ይበቃናል» አልኩት። «ጋሼ» እንኳን አላልኩም። ቀና ብሎ አየኝ። ገመዱን ጠቀለለ፣ ኪቦርዱን ሽፋኑ ውስጥ መለሰና ሳህን ይዞ እንግዳ ማስተናገድ ጀመረ። ቴፑ ላይ ያደረግኩት የ1960ዎቹ ሸክላ ቅጂ ነበር፤ መምህሮቼ ምርጫዬን አደነቁልኝ። ጋሼ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። ቤቱ ስሄድ ግን፣ በሩን ስከፍት ኪቦርዱን ያጠፋ ነበር። በ2001 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበር።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን በደል ትምህርት አድርጌው መኖሬ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ጥበብና ገበያ» የምለው አንድ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ተማሪ እንዳያንቀላፋ ምሳሌዎቼን ከሙዚቃ እወስድ ነበር። የሮክ ታላላቆች፣ እል ነበር፣ ዲስኮ ሲመጣ እንዴት እንደተንበረከኩ ተመልከቱ! ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. በ1978 «ሚስ ዩ»ን ይዘው ወደ ጭፈራ ቤት ገቡ። ሮድ ስቱዋርት በዚያው ዓመት «ዳ ያ ቲንክ አይም ሴክሲ» አለ። ፊታቸውን ቀለም የሚቀቡት ኪሶች በ1979 ተከተሉ። በዚያው ዓመት ፒንክ ፍሎይድ እንኳን፣ ያ ሁሉ ፍልስፍናቸው የት ሄዶ፣ «አናዘር ብሪክ ኢን ዘ ዎል» ላይ የዲስኮ ምት አስገቡ። ሐሳቡ የፕሮዲውሰራቸው የቦብ ኤዝሪን ነበር፤ ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ጭፈራ ቤት ሄደህ ስማው ተብሎ ሄዶ፣ እንዳልወደደው ራሱ ተናግሯል። ይህችን ስናገር ተማሪው ይስቅልኝ ነበር። የዲስኮ ምት እኮ፣ እል ነበር፣ አራቱንም ምት ያለ ልዩነት እኩል የሚረግጥ ነው፤ በደቂቃ 120 ገደማ፤ ማሰብ አይጠይቅም።

ያላስተማርኩት ግን ነበረ። ያው የፒንክ ፍሎይድ ዘፈን በ1980 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የጥቁር ልጆች እኩል ያልሆነውን ትምህርት በመቃወም ከክፍል ሲወጡ ዘመሩት፤ የአፓርታይድ መንግሥትም አገደው። ያ ዘፈን ያ «ማሰብ የማይጠይቅ» ምት ባይኖረው ኖሮ፣ በሺህ የሚቆጠር ልጅ በአንድ ድምፅና በአንድ እግር የሚለው ዘፈን ይሆን ነበር? አይመስለኝም።

ሌላም ያላስተማርኩት አለ። ሐምሌ 5 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ቺካጎ ውስጥ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባል የቤዝቦል ሜዳ፣ አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ «ዲስኮን እናጥፋ» ብሎ ሰው ጠራ። የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ በ98 ሳንቲም ይገባል። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው መጣ። በሁለቱ ጨዋታዎች መሃል ሸክላዎቹ ተሰብስበው በፈንጂ ነጎዱ፤ ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። እዚያ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረው ጥቁር ወጣት ቪንስ ላውረንስ በኋላ ሲናገር፣ ሰዎቹ ይዘው የመጡት ዲስኮ ብቻ እንዳልነበረ ገልጿል፤ ዲስኮ ያልሆነ የጥቁሮች ሸክላም አብሮ ነበር። ዲስኮ ጥቁሮች፣ ላቲኖችና ኅብረተሰቡ የገፋቸው ሌሎች ሰዎች ከሚሰበሰቡባቸው ክበቦች የወጣ ሙዚቃ ነው። «ለሙዚቃ ጥራት ነው የምንቆመው» ያለው ሕዝብ ሁሉ ዘረኛ ነበር አልልም። ግን በጥራት ስም ምን ምን አብሮ እንደተቃጠለ ማየት ይቻላል።

እኔስ በጥራት ስም ያቃጠልኩት ምንድን ነው? ኪቦርዱን ያን ያህል አልጠላሁትም፤ ለመናገር ያህል እንጂ። የጠላሁት በመምህሮቼ ፊት የሠርግ ቤት ሙዚቀኛ ወንድም መሆንን ነው። ለዚህች ትንሽ ሐፍረት ትልቅ የጥበብ ንድፈ ሐሳብ አለበስኳት። ንድፈ ሐሳብ ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ «አፍሬብህ ነው» ይል ነበር።

ንድፈ ሐሳቡም ቢሆን አንድ ወጥ አልነበረም። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. በታተመው «ልጅነት» የለመድነውን ቤት አመታት ትቶ ሲጽፍ ብዙ ተወቅሷል። እኔ በየዓመቱ ክፍል ገብቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ሰሎሞንን ስከላከል ኖሬያለሁ። ገጣሚ የወረሰውን ምት የመስበር መብት አለው፤ ግጥም የቤተ መዘክር ዕቃ አይደለም፤ ወዘተርፈ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው አፌ ሙዚቀኞቻችን ችክችካውን ለዲስኮ ሸጡት እላለሁ። ሰሎሞን ሲሰብር ፈጣሪ፣ ጋሼ ሲሰብር ከሃዲ። ልዩነቱ ምን ነበር? አንዱ በመጽሐፍ መታተሙ፣ አንዱ በሠርግ ድንኳን መሰማቱ።

ደግሞስ «የራሳችን» እያልኩ የማለቅስለት ሳክስፎን ከየት መጣ? በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሲነፉ ሰምተው ነው አርባዎቹን ወደ አገር ያስመጧቸው። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ብሔራዊ መዝሙር ደረሰልን። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በቴአትር ቤቱ ስንቱን አስተማረ። ከዚያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ከዚያ የ1960ዎቹ ሸክላ። በማሲንቆ ያደገ ጆሮ የመጀመሪያውን ትራምፔት ሲሰማ ያለው ነገር፣ እኔ ኪቦርድ ስሰማ ካልኩት የተለየ የሚሆን አይመስለኝም። ኢትዮፒክስ የተባለው የፈረንጅ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ቅጽ «ወርቃማ ዓመታት፣ 1969 – 1975» የሚል መለያ ነበረው። ለዚያ ሥራ ባለውለታ ነን፤ አልክድም። ግን ወርቁ በ1975 ካለቀ፣ ከዚያ በኋላ ሲጫወቱ የኖሩት ሰዎች ምን ሲሠሩ ነበር? መዳብ ሲቀጠቅጡ?

ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 ባንድ የለ፣ ነፊ የለ፤ ብቻውን ሆኖ፣ የወጣትነት መሣሪያውን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ዓለም ጉድ አለ። እኔም ጉድ ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ ስለዚያ ካሴት አምድ ጽፌ አደነቅኩ። ያን ስጽፍ ጋሼ ከሞተ አራት ዓመት አልፎት ነበር። የከበሮ ማሽኑ ያው ማሽን ነው። አንዱ ከባሕር ማዶ ተሞግሶ መጣ፤ ሌላው ከጓዳ።

ታዲያ ሁሉም ነገር ይፈቀድ ነው የምትለው? ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ሮድ ስቱዋርት በዚያ ዘፈኑ የብራዚላዊውን የዦርዥ ቤንን ዜማ ወስዶ ተገኘ፤ ሳያውቀው እንዳደረገው በኋላ ራሱ አምኗል። እዚያ ላይ የተበደለ ሰው አለ፤ ስሙም ይታወቃል። ኪሶች ግን ሆን ብለው ለገበያ ጻፉ ቢባል፣ የተበደለው ማን ነው? እኔ አልወደድኩትም። «አልወደድኩትም» እና «በደለ» ሁለት ግሦች ናቸው፤ እኔ በአንዱ ፈንታ ሌላውን ስጠቀም ኖርኩ። የዚያን ዘመን የኪቦርድ ዘፈን ብዙው አሁንም አይጥመኝም። ጆሮዬ አልተለወጠም፤ እንዲለወጥም አልለምነውም። አንድ ነገር አይጣፍጥም ማለት መብቴ ነው። ያን ስላለኝ ብቻ የሰውየውን ሕሊና የመመርመር ሥልጣን የሰጠኝ ግን የለም።

በጋሼ ነገር ውስጥ በደል ፈልጌ ካጣሁ ዋሸሁ። አምስት ሰዎች ያለ አንዳች ካሳ ከሥራ ሲሰናበቱ፣ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አፌን የከፈትኩት ከአምስቱ አንዱ ቆሞ ለመኖር ሲሞክር ነው።

አንዲት ነገር ልጨምር። ኪቦርዱ ከግራ በኩል ድምፁን ከፍና ዝቅ አድርጋ የምታጥፍ ትንሽ መንኮራኩር አለችው። የፋብሪካ ቁልፍ ቃናውን ቀጥ አድርጎ ነው የሚሰጥ፤ የእኛ አንቺ ሆዬ ደግሞ ቀጥ ማለት አይወድም፤ በድምፆቹ መሃል ይንሸራተታል። ጋሼ ኪቦርዱን በገዛ ሰሞን፣ ገና እኔን ሳይፈራ፣ ጠርቶኝ ነበር። በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራው መንኮራኩሯን እያንቀሳቀሰ፣ «አየሃት? ማሲንቆው የሚያደርገውን ታደርጋለች። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ» አለኝ። ፋብሪካው ያልሰጠውን ችክችካም ከአንድ የባዕድ ምት ቀንሶ፣ ፍጥነቱን ለውጦ ሊያመጣው ይታገል ነበር። እኔ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ፈተና ነበረብኝ።

ከቀይ አፈር ስንመለስ፣ መንገድ ዳር በረጃጅም እንጨት ላይ የቆሙ፣ ገላቸውን በነጭ ቀለም ያዥጎረጎሩ የበና ልጆች አየን። መኪና ሲመጣ ይራመዳሉ፤ ያለፈ እንደሆነ ይቆማሉ። አብሮኝ ከተቀመጡት መምህራን አንዱ፣ «ባህላቸውን እኮ ሸጠው ጨረሱት» አለ። ሌላው፣ የዚያው አገር ልጅ ነው፣ መስኮቱን እያየ፣ «እኛስ ደሞዝ የምንቀበለው ምን ሸጠን ነው?» አለው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ንግግር አድራጊው እኔ ነኛ። ምንም አልመለስኩም። እኔ የማስበው ያቺን ፈረንጅ ነበር። ስትመጣ በራሷ ውስጥ የቀረጸችውን ቀይ አፈር ነው የፈለገችው፤ ስፒከሩ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም፣ ልጁን ለማስጠፋት ከፍላዋለች። እኔ በነጻ ነው ያስጠፋሁት።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የጋሼ ልጅ ቤት ሄድኩ። ኪቦርዱ ቁም ሳጥን ላይ ነበር፤ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሏል። አዳፕተሩ ጠፍቶ ስለነበር መርካቶ ወርደን የሚገጥም ፈለግን። ልጁ ሰካው፤ መብራቷ በራች። ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ነካካቸው። ሦስት ቁልፎች ድምፅ አይሰጡም፤ ሠሪው መለዋወጫ የለውም ብሎናል። ዲስኮው ግን ይሠራል።